ኢንተር ከመምታታችን በፊት

በሆሳዕና ለጽሕፈት፣ ለኮምፒውተርና ለቋንቋ ባለሙያዎች የቀረበ ዲስኩር



ሆሳዕና የደብዳቤ ከተማ ሆናለች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መቀመጫነቱ ለእርሷ ደረሰና ወደ ዱራሜ፣ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ወራቤና ወደ ሀላባ ቁሊቶ የሚሄደው ወረቀት ከዚህ ይነሣል። ከሀዲያ ዞን ወደ ሾኔ፣ ጊምቢቹና ሆመቾ፣ ከከምባታ ዞን ወደ ሺንሽቾ፣ አንጋጫና ዳምቦያ የሚወርደውን ስትጨምሩበት ምን ያህል ገጽ እንደሚታተም ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የዚህ ሁሉ ወረቀት አሠራር ደግሞ ቀስ በቀስ እየተለወጠ ነው። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ከአናቱ እስከ ግርጌው መጻፏ ይቀርና ስሙን፣ ቀኑን፣ ቁጥሩንና አድራሻውን በቅጽ ትሞላለች፤ ኮምፒውተሩ መረጃውን በኤክስኤምኤል ያወጣዋል፤ ከኤክስኤምኤሉ ወርድ፣ ፒዲኤፍ ወይም ድረ ገጽ ይሠራል።

በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ነገር ይበላሻል። ከሚበላሹት አንዱን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ እርሱም መስመር የሚሰብረው ምልክት ነው። የምለው ባጭሩ ይህ ነው፦ መስመሩን ለምን እንደ ሰበርነው ፋይሉ ውስጥ ካልጻፍን፣ ፋይሉን ተቀብሎ ሰነድ የሚሠራው ፕሮግራም በግምት ይሠራል፤ ግምቱም አንድ ቀን ይስታል።

አንድ ተራ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በዓይነ ኅሊናችሁ ዘርጉልኝ። በስተቀኝ ቁጥርና ቀን አለ። በስተግራ «ለዞኑ ትምህርት መምሪያ» ይላል፤ ከሥሩ ተሰምሮበት «ዱራሜ»። መሐል ላይ «ጉዳዩ፦» አለ። ሁለት አንቀጽ ሐተታ ይከተላል፤ ከዚያ «ከሰላምታ ጋር»፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ «ግልባጭ»። በዚህ አንድ ገጽ ላይ መስመር በሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ያልቃል። ሐተታው ውስጥ የሚያልቀው ወረቀቱ ስላለቀ ነው፤ ወረቀቱ ቢሰፋ ወይም ፊደሉ ቢያንስ ሌላ ቦታ ላይ ያልቅ ነበር። ሐተታው ሲዘጋ የሚያልቀው ሐሳቡ ስላለቀ ነው፤ ይህ የአንቀጽ መጨረሻ ነው። በ«መምሪያ»ና በ«ዱራሜ» መካከል ግን ወረቀቱም ሐሳቡም አላለቀም፤ የአድራሻ ወግ ስለሆነ ብቻ ነው የተሰበረው። ተቀባዩ አንድ ነው፤ መስመሩ ሁለት።

ወርድ ላይ ለሦስቱም መንገድ አለ። ለመጀመሪያው ምንም አይመታም፤ ፕሮግራሙ ራሱ ያወርደዋል። ለሁለተኛው ኢንተር ይመታል። ለሦስተኛው ሺፍት ተይዞ ኢንተር ይመታል። ብዙዎቻችን ግን ለሦስቱም ኢንተር እንመታለን፤ ባስ ሲልም መስመሩ እስኪወርድ ድረስ ስፔስ እንደረድራለን። ስንዴን፣ ባቄላንና ገብስን በአንድ ጆንያ ሞልቶ ወፍጮ ቤት እንደ መሄድ ነው፤ ጆንያው ሲታይ ሙሉ ነው፣ የሚያስፈጨው ሰው ግን መልቀም ሊጀምር ነው።

ነገሩ እንዴት እንደተደባለቀ ለማየት ወደ ታይፕራይተር መለስ እንበል፤ ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ ካበቁት ከዚያ መሣሪያ። ታይፕራይተር ላይ መስመር ሲያልቅ ጸሐፊው በእጁ የሚገፋው ማንሻ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ወረቀት የተሸከመውን ክፍል ወደ መነሻው ይመልሳል፣ ወረቀቱንም አንድ መስመር ወደ ላይ ያንከባልላል። ቴሌፕሪንተር ሲመጣ ሁለቱ ሥራዎች ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ተሰጣቸው። ምልክቶች በቁጥር ሲመዘገቡም መመለሱ 13 ቁጥርን፣ ማንከባለሉ 10 ቁጥርን ያዘ። ኮምፒውተሮች ሲወርሷቸው ግን አልተስማሙም። ዊንዶውስ 13 እና 10ን አስከትሎ ሁለቱንም ይጽፋል። ዩኒክስና ሊኑክስ 10ን ብቻ ያዙ። የድሮዎቹ ማኪንቶሾች 13ን ብቻ ያዙ። የአይቢኤም ትልልቅ ማሽኖች ደግሞ የራሳቸው ምልክት ነበራቸው፤ ዛሬ በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለምን ፊደላትና ምልክቶች በቁጥር በሚመዘግበው ደንብ፣ 133 ቁጥር ላይ ተቀምጧል።

ዩኒኮድ ይህን ውዥንብር ለማጥራት ሁለት አዳዲስ ምልክቶች ጨመረ። 8232 መስመርን ብቻ ይለያል፤ 8233 አንቀጽን ይለያል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሰው ግን አልተከተለውም፤ ምልክቶቹም ኪቦርድ ላይ ቁልፍ አላገኙም። ስለዚህ ዛሬ እነዚህ ሁለቱ የሚገኙት ሳይጠበቁ ነው፤ ከድረ ገጽ በተገለበጠ ጽሑፍ ውስጥ፣ ከገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በወጣ ፋይል ውስጥ። በስክሪን ላይ አይታዩም። እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ በጃቫስክሪፕት ደንብ በጥቅስ ምልክት መካከል አንዲት 8232 ከገባች ፕሮግራሙ አልነሣም ይል ነበር፤ የሚያየው ሰው ግን ኮዱ ላይ አንዳች ስህተት አያገኝም።

አሁን ወደ ኤክስኤምኤል እንግባ። ለማታውቁት፦ ኤክስኤምኤል ጽሑፍን ታግ በሚባሉ ስም ባላቸው ምልክቶች እየከፋፈለ የሚያስቀምጥ የፋይል አጻጻፍ ነው። ይህ ቀን ነው፣ ይህ ተቀባይ ነው፣ ይህ ጉዳዩ ነው ይላል። በየቀኑ የምትከፍቱት የወርድ ፋይል ራሱ ውስጡ ሲገለጥ በዚፕ የታሰረ የኤክስኤምኤል ጥራዝ ነው። የመጀመሪያው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ የመስመር ምልክቶችን ጠብ አንዴ ለመጨረስ ወሰነ፦ 13 እና 10 ተከታትለው ቢመጡ፣ 13 ብቻውን ቢመጣ፣ አንባቢው ፕሮግራም ሁሉንም ወደ 10 ይለውጣቸዋል። መረጃውን የሚጠቀመው ሰው 10ን ብቻ ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው 1.1 የተባለው ደንብ 133 እና 8232ንም ጨመረበት፤ ይሁን እንጂ 1.1ን የሚጠቀም ሰው ጥቂት ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁላችንም ያለነው በ1.0 ነው። ስለዚህ በተለመደው ፋይል ውስጥ 133ም 8232ም ሳይነኩ እስከ መጨረሻው ይዘልቃሉ።

ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆቻችን፣ ከዚህ የሚወጡ አራት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው፣ አድራሻን በታግ ውስጥ ሳይሆን በታጉ ባሕርይ ውስጥ፣ ማለትም ከእኩል ይሆናል ምልክት በኋላ በጥቅስ መካከል ማስቀመጥ ነው። በደንቡ መሠረት እዚያ የገባ አዲስ መስመር ሲነበብ ወደ ስፔስ ይለወጣል። «መምሪያ» እና «ዱራሜ» በሁለት መስመር ገብተው በአንድ መስመር ይወጣሉ፤ ፕሮግራሙ ስህተት አልሠራም፣ ደንቡን አክብሯል። እዚያው ይቆይ ካላችሁ 
 ብላችሁ በቁጥሩ መጻፍ አለባችሁ። የተሻለው ግን ረጅም ጽሑፍን ከነጭራሹ እዚያ አለማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው፣ 10 ቁጥርን በቀጥታ ወደ ወርድ መላክ ነው። ወርድ በጽሑፍ ታግ ውስጥ ያገኘውን 10 እንደ ስፔስ ነው የሚያየው። መስመር እንዲሰበር ከተፈለገ ጽሑፉ እዚያ ላይ ተቆርጦ ራሱን የቻለ የ«ብሬክ» ታግ መግባት አለበት። ድረ ገጽም እንዲሁ ነው፤ አዲስ መስመርን ከስፔስ ለይቶ አያይም፤ የራሱን የመስመር መስበሪያ ታግ ይፈልጋል። ኢንዲዛይን የተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ደግሞ በተቃራኒው 8232ን ሲያገኝ በግድ የተሰበረ መስመር አድርጎ ይረዳዋል። አንዱ መረጃ ወደ ሦስት መውጫ ሲሄድ ሦስት ዓይነት ትርጓሜ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው 11 ቁጥር ነው። ወርድ ላይ ሺፍትና ኢንተር የተመታበትን ቦታ በማክሮ ስታነቡት የሚመጣላችሁ 10 ሳይሆን 11 ነው። ኤክስኤምኤል 1.0 ግን ከ32 በታች ካሉት ቁጥሮች 9፣ 10 እና 13ን ብቻ ይቀበላል። አንዲት 11 ከገባች ፋይሉ በሙሉ ይጣላል፤ የሺህ ተማሪ ውጤት የያዘ ቢሆን እንኳ በአንዱ ተማሪ አድራሻ ምክንያት አይነበብም። ሥነ ሥርዓት አክብራ ሺፍት የያዘችው ጸሐፊ ተወቃሽ መሆን የለባትም፤ ተወቃሹ በር ላይ ያልፈተሸው ፕሮግራም ነው።

አራተኛው 133 ነው፤ ይህ ከሁሉም ያደናግራል። በዊንዶውስ የድሮ የላቲን የፊደል ቁጥር ሰንጠረዥ 133 ቁጥር ሦስት ተከታታይ ነጥብ ነው፤ ወርድ ሦስት ነጥብ ስትጽፉ ራሱ አጣብቆ የሚሠራው ያ ምልክት። ፋይሉ በዚያ ሰንጠረዥ ተጽፎ በሌላ ሰንጠረዥ ከተነበበ ነጥቡ የአይቢኤም የመስመር ምልክት ይሆናል፤ ዓረፍተ ነገሩም ማንም ባልሰበረበት ቦታ ይሰበራል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ከሆነ የከፋ ነገር ይጠብቃችኋል፤ በእነዚያ ፎንቶች ፊደላችን የተቀመጠው በሌላ ፊደል ቁጥር ላይ ነበርና፣ እናንተ መስመር ሰባሪ ብላችሁ የምትጠርጉት ቁጥር ፊደል ሊሆን ይችላል። አሮጌ ፋይል መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይገልበጥ፤ የመስመር ምልክት ጽዳት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ማሽን ጣጣ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እስቲ ወደ ራሳችን ጽሑፍ እንምጣ። በብራና ዘመን ጸሐፊው ቆዳውን በወስፌ አስምሮ ሲጽፍ መስመሩ ከሞላ ቃሉን መሐል ላይ ከፍሎ ወደሚቀጥለው መስመር ይሻገር ነበር፤ የማያያዣ ሰረዝ እንኳ አያደርግም። አንባቢው አይደናገርም፤ ቃል የሚያልቀው ሁለት ነጥብ ሲመጣ ነውና። የቃል መጨረሻ የራሱ ምልክት ስላለው የመስመር መጨረሻ ምንም አይናገርም። አባቶች ትርጉም ያለውን ነገር በሚታይ ምልክት፣ የቦታ ጥበትን ያለ ምልክት አስቀመጡት። ዛሬ በኤክስኤምኤል ልናደርገው የምንለፋው ይህንኑ ነው።

በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት በኤክስኤምኤል የሚያሰናዳ «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ ፕሮጀክት አለ። የሚከተለው ቲኢአይ የተባለውን የአጻጻፍ ደንብ ነው። ይህ ደንብ ሁለት የተለያዩ ታጎች አሉት። አንደኛው በብራናው ላይ አዲስ መስመር የጀመረበትን ቦታ ያመለክታል፤ ቃሉ መሐል ላይ ከተከፈለም «እዚህ ቃል አልተቋረጠም» የሚል ባሕርይ ይጨመርበታል። ሁለተኛው የግጥም ስንኝን ያመለክታል። የመጀመሪያውን ብታወጡት ጽሑፉ አይጎድልም፤ የጠፋው የብራናው ስፋት ብቻ ነው። ሁለተኛውን ብታወጡት ግጥሙ ቤት መምታቱ ለዓይን ይጠፋል። አንድ ፕሮግራም ለሁለቱም 10 ቁጥርን ቢጠቀም ኖሮ ይህን ልዩነት ማንም መልሶ ሊያገኘው አይችልም ነበር።

የዛሬው አማርኛ በሁለት ነጥብ ፋንታ ስፔስ ይጠቀማል፤ በዚህም የተነሣ ሁለት ነገሮች በየቢሮው ገጽ ላይ ይታያሉ። አንዱ አራት ነጥብ መስመር መጀመሪያ ላይ ተንጠልጥሎ መገኘቱ ነው። ምክንያቱ ከአራት ነጥቡ በፊት የተመታ ስፔስ ነው፤ ፕሮግራሙ ስፔስ ባየበት መስመር መስበር ይፈቀድለታል። መድኃኒቱ ስፔሱን ማጥፋት ነው፤ እኛ ግን ኢንተር መትተን ቃሉን እናወርደዋለን፤ ነገ አንድ ቃል ሲጨመር መስመሩ መሐል ላይ ተሰብሮ ይቀራል። ሁለተኛው የምሕጻረ ቃላችን መቆረጥ ነው። በዩኒኮድ የመስመር አሰባበር ደንብ ከእዝባር በኋላ ፊደል ከተከተለ መስመር መስበር ይቻላል። ስለዚህ «ጽ/» ከላይ ቀርቶ «ቤት» ከታች ሊወርድ ይችላል፤ «ወ/» እና «ሮ»ም እንዲሁ። ቁጥር ከቁጥር ጋር ሲሆን፣ ለምሳሌ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሲባል፣ ደንቡ አይለያየውም፤ ፊደል ሲሆን ግን ጥበቃ የለውም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የሚሰብር ሳይሆን የሚያያይዝ ምልክት ነው፤ በዩኒኮድ 8288 ቁጥር ከእዝባሩ ቀጥሎ ቢገባ ሁለቱን አጣብቆ ይይዛል። «አንቀጽ» ከሚለው ቃል በኋላ የሚመጣው ቁጥር ብቻውን እንዳይወርድም ተራውን ስፔስ ትቶ 160 ቁጥርን መጠቀም ይበቃል። ይህንን ጸሐፊዋ በእጇ እንድታደርገው አትጠብቁ፤ ሰነዱ ሲወጣ ፕሮግራሙ ያድርገው።

በእኛ ከተሞች ነገሩ ሌላ መልክም አለው፤ ሦስት ቋንቋ። አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ ሀዲይሳና ከምባቲሳ በላቲን። በላቲኑ አጻጻፍ የሚረዝም አናባቢም የሚጠብቅ ተነባቢም ሁለት ጊዜ ይጻፋል። «ከምባቲሳ» የሚለውን በአማርኛ አምስት ፊደል ይበቃዋል፤ በራሱ በከምባቲሳ አጻጻፍ አሥራ አንድ ፊደል ይፈልጋል። አሁን አንድ የምስክር ወረቀት አስቡ፤ ርእሱ በሦስቱ ቋንቋ ተደርድሯል። አማርኛው ላይ ሁለተኛው ቃል ካለቀ በኋላ ኢንተር ብንመታ ገጹ ያምራል። ያንኑ ገጽ እንደ ሞዴል ይዘን ከምባቲሳውን ስንሞላበት የመጀመሪያው መስመር ሞልቶ ራሱ ይወርዳል፤ ቀጥሎ የእኛ ኢንተር ይመጣል፤ አንዲት ቃል ብቻዋን መሐል ላይ ቀርታ ርእሱ ሦስት መስመር ይሆናል። ትርጉሙ ትክክል፣ ፊደሉ ትክክል፣ ወረቀቱ ግን የተማሪውን ቋንቋ እንደ ትርፍ ነገር አስቀምጦታል። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በሚማሩበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአማርኛው መስመር ለአማርኛው ነው፤ ለእያንዳንዱ ቋንቋ መስበሪያ ቦታው በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ምልክት ይደረግለት፤ ወይም ምንም ምልክት ሳይደረግለት የመስመሩን ስፋት ሞዴሉ ይወስን።

የስምም ጉዳይ አለ። በቅጹ ላይ ስም ሲሞላ ቦታው ጠበበና ኢንተር ተመታ እንበል። ወረቀቱ ላይ አይታወቅም። መዝገቡ ውስጥ ግን በአባትና በአያት ስም መካከል ያለው ስፔስ ሳይሆን 10 ነው። ሰውዬው ከሁለት ዓመት በኋላ መጥቶ ስሙ በትክክል ሲጻፍ «የለም» ይባላል። ይህ ሰው ከጃጁራ ወይም ከሞርሲጦ ተነሥቶ የመጣ ከሆነ፣ በአንዲት የማትታይ ምልክት ምክንያት የትራንስፖርት ሒሳብ ከፍሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምመክረው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ውሳኔ ይጠይቃል።

ቅጽ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ አድራሻን በአንድ ትልቅ ሣጥን አትቀበሉ። ተቀባዩ ለብቻ፣ ከተማው ለብቻ ይግባ። «ዱራሜ» የራሱ ታግ ካለው በላዩ ላይ መስመር መሰበሩን ሞዴሉ ይወስነዋል፤ ኢንተር የሚመታበት ምክንያት ራሱ ይጠፋል። የስም ሣጥን ደግሞ ምንም ዓይነት አዲስ መስመር አይቀበል፤ ከገባም ወደ አንድ ስፔስ ይለወጥ።

ፕሮግራም የምትጽፉ ሰዎች፣ ነጻ ጽሑፍ በሚገባበት ቦታ ፍተሻው አንድ በር ላይ ይሁን። 13 እና 10 ተከታትለው፣ 13 ብቻውን፣ 10 ብቻውን፣ 11 እና 8232 ሲመጡ ወደ አንድ የመስመር መስበሪያ ታግ ይቀየሩ፤ 133 ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳይጣራ አይለወጥ። 8233 ወይም ባዶ መስመር ሲመጣ አንቀጹ ይዘጋና አዲስ አንቀጽ ይከፈት። ከዚያ በኋላ በፋይሉ ውስጥ አንቀጽ በአንቀጽ ታግ፣ የተሰበረ መስመር በመስመር ታግ ብቻ ይኑር። በመውጫው በኩል ለወርድ የወርዱን፣ ለድረ ገጽ የድረ ገጹን፣ ለኢንዲዛይን 8232ን ስጡ። ፋይሉ ለዓይን እንዲያምር ታጎቹን የሚያስገባና የሚያስወጣ መሣሪያ ካላችሁ በጽሑፍ መሐል እንዳይነካ ከልክሉት፤ ለማሳመር የጨመረው አዲስ መስመር ከእውነተኛው አይለይምና።

ሥራ የምታስረክቡና የምትረከቡ ኃላፊዎችም አንድ ነገር ጠይቁ፤ የመፈተሻ ፋይል። በውስጡ ሁሉም ዓይነት የመስመር ምልክት፣ አንድ «ጽ/ቤት»፣ አንድ ረጅም የሀዲይሳ ርእስ፣ አንድ ባለ ሁለት መስመር አድራሻ ይኑርበት። ፋይሉ በፊታችሁ ወርድም ፒዲኤፍም ሆኖ ይውጣ። የወጣው ወረቀት ትክክል ከሆነ ፈርሙ፤ ካልሆነ መልሱት።

ለጽሕፈት ባለሙያዎቻችን የምተወው የቤት ሥራ ግን ከሁሉም ይቀላል። ነገ ጠዋት በጣም የምትጠቀሙበትን የደብዳቤ ሞዴል ክፈቱና በወርዱ የመሣሪያ ሰሌዳ ላይ ያለችውን የ¶ ምልክት ተጫኑ። የማይታየው ሁሉ ይታያል፦ ኢንተር የተመታበት ¶ ሆኖ፣ ሺፍትና ኢንተር የተመታበት የታጠፈ ቀስት ሆኖ፣ ስፔሱ ነጥብ ነጥብ ሆኖ። እያንዳንዱን ¶ እያመለከታችሁ «እዚህ ሐሳብ አልቋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላለቀ ቀስት ወይም ባዶ ቦታ ይሁን። አንድ ሞዴል ለማስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ከእርሱ የሚወጣው ደብዳቤ ግን ለዓመታት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ወደ ኤክስኤምኤል በተሸጋገረ ቀንም ለቃሚ አያስፈልገውም።

 ጥያቄ ያለው ሞዴሉን ይዞ ይምጣ፤ እዚሁ ከፍተን እናየዋለን።